የእናቴ ጣውንት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ለወገብህ ፍራሽ ቀይር ስንለው አሻፈረኝ ያለ ሰውዬ፣ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየርና ውድ ሄድፎን ገዝቶ ከች አለ። የአምፕሊፋየሩ የመስታወት ቫልቮች እንደ አምፖል ቀልተው እስኪሞቁ ይጠብቅና ዓይኑን ይጨፍናል። የሚሰማው ሴት ዘፋኞችን ብቻ ነው፤ ከሁሉም አንዷን አብልጦ። አዋላጅ የሆነችው እናቴ ያችን ዘፋኝ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

«ዛሬስ ጣውንቴ እንዴት ዋለች?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ብትሰሚያት ምን አለበት? ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል እኮ!»

አንድ ቅዳሜ እናቴ ከሥራ ደክሟት ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ እንዳለች፣ አባቴ ሄድፎኑን አጠለቀላት። ልታወልቀው እጇን ሰደደችና ተወችው። ፊቷ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ኮስተር አለ።

«ይቺ ልጅ እርጉዝ ናት» አለች።

«ኧረ ባክሽ! ዘፈን ስሚ ብልሽ ምርመራ ገባሽ?»

«ትንፋሿ ከላይ ከላይ ነው። ስንኙን ሳትጨርስ አየር ትስባለች። ሆዷ ገፍቷል፣ ስልህ! ከዚህ በኋላ የዘፈነችው የለም?»

አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ በዓመቱ የወጣውን ሸክላ አጫወተላት። ዘፋኟ ረጅሙን ስንኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ተወጣችው። እናቴም አብራ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ እፎይ ብላ ለቀቀች። ከዚያ ሄድፎን ያደረገ ሰው እንደሚጮኸው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፦

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ጣውንቴ!»