የመሪጌታ ጉልበት

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ራጅ አንሺ ሆኜ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን አንድም ራጅ አላነሳሁም። መብራት ስላልነበረ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ዋልኩ። አለቃዬ አቶ ደሴ «ልመደው፤ ወገብህ ነው የሚማረው» አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የአጥንት እጢን ከራጅ አይቶ ክፉና ደግ ብሎ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣልን። ለምረቃው ድንኳን ተተከለ፤ ሪባን ተዘረጋ፤ እንግዶች ተሰበሰቡ። የጎደለው በሽተኛ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰዓት የዜማ መምህሩ መሪጌታ ይባቤ በጋፋት መንገድ ከባጃጅ ወድቀው፣ የተላጠ ጉልበታቸውን ሊያሳጥቡ ገቡ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር እጃቸውን ይዘው አመጡልኝ።

«ከፊት አንድ አንሳና ለኮምፒውተሩ ስጠው።»

«ከጎንም ላንሳ እንጂ፤ ደንቡ ሁለት ነው።»

«እንግዶቹ ምሳ አላቸው!»

አንድ አነሳሁ። ከጉልበታቸው በላይ አጥንቱ ላይ የነጣ ነገር ይታያል። ኮምፒውተሩ ድንኳኑ ውስጥ በተሰቀለው ስክሪን ላይ በቀይ «ክፉ እጢ» ብሎ ጻፈ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። መሪጌታም አብረው አጨበጨቡ።

«ምን አለ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

ዳይሬክተሩ ቀደሙኝ። «እግርዎ ሊቆረጥ ይችላል። ግን አይዞዎት፣ በጊዜ ተደርሶበታል።»

መሪጌታ ጉልበታቸውን ዳሰሱ። «ታዲያ በምኔ ቆሜ ላሸብሽብ?» አሉ።

እንግዶቹ ወደ ምሳ ሲያመሩ መልሼ አስተኛኋቸውና ከጎን አነሳሁ። እጢው አጥንቱን አልበላም፤ ከዛፍ ላይ እንደሚወጣ ጉጥ ከራሱ ከአጥንቱ የበቀለ ነው።

«መሪጌታ፣ ይህ እብጠት መቼ ጀመረዎ?»

«እሱማ ከቆሎ ተማሪነቴ ጀምሮ አለ። አድጎም አሞኝም አያውቅ። ማን ጠየቀኝ?»

የእኔ ሥራ ማንሳት እንጂ መፍረድ አይደለም። ሁለቱንም ፊልም ይዤ ወደ ራዲዮሎጂ ሐኪማችን ወደ ዶክተር ሰናይት ሮጥኩ። ለምረቃው ስላልተጠራች ሥራ ላይ ነበረች። ፊልሞቹን አገላብጣ አየች፤ መጥታም እብጠቱን ዳሰሰች።

«ደግ እጢ ነው። የሚቆረጥ የለም። ካደገ ወይም ካመመዎ ግን ቶሎ ይምጡ» አለቻቸው።

መሪጌታ አማተቡ። ከዚያ «ቁስሌንስ ማን ያጥብልኝ?» አሉ። እስከዚያ ሰዓት ማንም አላጠበላቸውም ነበር።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ስነግራቸው «የምረቃው ሪፖርት ተልኳል» አሉ። በሪፖርቱ ላይ መሪጌታ እስከ ዛሬ ከክፉ እጢ የዳኑ ሰው ናቸው። በቀጣዩ የቤተ ክርስቲያን በዓልም በሁለት እግራቸው ቆመው አሸበሸቡ።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ አጥንትን ከፊትም ከጎንም አንሱ፤ እብጠቱ መቼ እንደጀመረም ባለቤቱን ጠይቁ።