በሎሚ ያሸሁት ድንጋይ

ሎሚ ከአመድ ጋር ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ሲደርስ የአባቴ ድንጋይ ትዝ ይለኛል።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ መካኒሳ የነበረው ቤታችን ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ስለነበር፣ እናቴ አልጋው ግርጌ ባልዲ፣ ሳጥኑ አጠገብ ሳፋ ትደቅን ነበር። ለማዕድን አጥኚዎች መኪና ይነዳ የነበረው አባቴ አንድ ሐምሌ ከመስክ ሲመለስ፣ እንደ ስኳር የደቀቁ ጥቁር አረንጓዴ ፍሬዎች የተጣበቁበት ድንጋይ በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። «መዳብ አለበት ይላሉ። ኢንጂነሩ መስከረም ላይ መጥተው ያዩልኛል፤ ውድ ከሆነ ቆርቆሮውን እንቀይራለን» አለ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሰምተው «ድንጋይ ጣሪያ ላይ ሲጫን እንጂ ጣሪያ ሲገዛ አላየንም!» ብለው አሳቁን። አባቴ ግን በኮቱ ኪስ ይዞት እየዞረ ለወዳጆቹ ሁሉ ያሳይ ነበር።

ጳጉሜ ሲገባ የመዳብ ትሪያችንን ለእንቁጣጣሽ በሎሚና በአመድ አሽቶ ማጽዳት የእኔ ሥራ ነበር። መዳብ ላይ አረንጓዴ ነገር ከታየ ቆሻሻ ነው፣ ይመርዛል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ትሪውን ስጨርስ፣ ለሚመጡት ኢንጂነር እንዲያምር ብዬ ድንጋዩን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ፣ ቀዩ መዳብ ብቅ እስኪል ብዬ አሸዋ ጨምሬ ፈተግኩት። መዳብ አልወጣም፤ ግራጫ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ደንግጬ ጠቅልዬ መለስኩት።

መስከረም ላይ ኢንጂነሩ መጥተው፣ በአጉሊ መነጽር እያገላበጡ፣ ስንጥቁ ውስጥ በቀረችው አረንጓዴ ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ።

«ማላካይት የሚባለው የተለመደው አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ቢሆን አረፋ ያወጣ ነበር፤ ይህ የመዳብ ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ ልብ አይገኝም» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ዋጋው ግን ፍሬዎቹ ላይ ነበር። ምን ፋቃቸው?»

አባቴ አንገቱን ደፍቶ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ለሰው ላሳይ ብዬ በኪሴ ይዤው ስዞር ነው» አለ።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ባልዲው ሲሞላ አባቴ ማንንም ሳያዝ፣ እየተነሳ ራሱ ይደፋ ነበር።

ዛሬ ልጄ ብርጭቆ ከሰበረች፣ ስብርባሪው ሳይጠረግ መጥታ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ትለኛለች። አባቴ አርጅቷል፤ ቤቱም ከስንት ዓመት በኋላ ታድሷል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን «ሀብቴን በገዛ ኪሴ ፈጨሁት» እያለ በራሱ ይቀልዳል። ያኔ ዝም ያልኩት ቁጣውን ፈርቼ ነበር። አሁን የሚቆጣ ሰው የለም፤ እኔም ከእንግዶቹ ጋር አብሬ እስቃለሁ።