እሳት ያልነካው በሬ

ገንግ የሞተው ቀንበር አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። በድርቁ ዓመት የመሬቱ ባለቤት ጌታ ዶው፣ ገንግና ሚስቱ የነበራቸውን አንድ በሬ ከበረት አስፈትቶ ወሰደባቸው። ገንግም ራሱን ጠምዶ ሲያርስ ትልሙ ላይ ተደፍቶ ቀረ።

ሚስቱ ሱይዪን ከዚያ ወዲህ በሉዎያንግ ከተማ ዳር፣ ከአማቷ ጋር፣ ከሟች ጋር የሚቀበሩ የሸክላ እንስሳት እየሠራች ኖረች። እጇ ጉድ ነው! ከጭቃ ያወጣችው ውሻ ጠረን የሚያነፈንፍ ይመስላል።

ጌታ ዶው ሲሞት ልጁ ራሱ መጣ። ውሻ፣ አሳማና በሬ አዘዘ።

“አባቴ ከመሬት በታችም ያርሳል። በሬው ጠንካራ ይሁን።”

“ይሆናል ጌታዬ” አለች።

በሬውን ስትሠራ አላለቀሰችም፤ አንጎራጎረች። ያንኑ የተወሰደባቸውን፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች ያዘነበለውን አበጀችው። ጭቃው በጣቶቿ መካከል የተነፈሰ ሲመስላት ራሷም ደነገጠች።

የሸክላ ማቃጠያው ምድጃ ሊዘጋ ሲል አማቷ አጎንብሳ ውስጡን አየች።

“በሬው የታል?”

“ፀሐይ ላይ ነው፣ እማማ። እሳት አይገባም።”

አሮጊቷ ወዲያው ገባት። ያልተቃጠለ ጭቃ የመቃብር እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል። ዶውም በወዲያኛው ዓለም ባዶ ቀንበር ታቅፎ ይቀራል።

“አንቺ ልጅ፣ ከነቁብሽ እጅሽን ነው የሚቆርጡት።”

“ይቁረጡት።”

“የኔንም ይጨምሩበታ! ብቻ ልጄን የገደለው ቀንበር ዶው አንገት ላይ ይዋል። ነይ፣ ጥሬነቱን የሚሸፍነውን ቀዩን ቀለም እኔ እበጠብጥልሻለሁ።”

የቀብሩ ዕለት፣ ማንግ ኮረብታ ላይ፣ የዶው ልጅ በነጭ የሐዘን ልብሱ ቆሞ እንስሳቱን በጣቱ ያንኳኳ ጀመር። የበሰለ ሸክላ ሲነካ ይጮኻል፤ ጥሬው ግን አይጮኽም። ውሻው ጮኸ። አሳማው ጮኸ። እጁ ወደ በሬው ተዘረጋ።

“ኧረ ጌታዬ!” አለች አማቷ፣ “ቀለሙ አልደረቀም! አባትዎን በቀይ እጅጌ ሊቀብሩ ነው? ቀይ የሠርግ ቀለም አይደል፣ ሰው ከሠርግ መጣ ይልዎታል!”

ከኋላ የቆሙት ዘመዶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ልጁ ፍም እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ።

“አስገቡት” አለ ፊቱ ቀልቶ።

ተሸካሚዎቹ በሬውን ይዘው ወረዱ። የመቃብሩ ግድግዳ ወዝቶ ያብረቀርቃል። ‘ወዲያው አትሟሟ’ አለች ሱይዪን በልቧ፤ ‘መጀመሪያ ዶው ይጥመድህ። ደስ ይበለው። ያኔ ትልሙ መሃል ፍረስበት።’

በሩ በጡብ ሲደፈን ዝናብ ጀመረ። ሰው ሁሉ መጠለያ ፍለጋ ሲሮጥ ሁለቱ ሴቶች እዚያው ቆመው በሰበሱ።