የግራ ጎማው ቡሎኖች

ዶራቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ፣ የአንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ነርስን አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ጎማዎቹን ፈትቼ ፍሬኑን ቀየርኩላቸው። እሑድ ሴቶች ብቻ በሚወዳደሩበት ሜዳ፣ ሁለተኛ ሆነው ሲከንፉ አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ድንገት የግራውን ጎማ ቡሎኖች ማጥበቄ ትዝ አልል አለኝ። ለሹፌሮቹ በባንዲራ ምልክት ወደሚሰጠው ዳኛ ሮጥኩ።

«አስቁምልኝ! ጎማው ሊወልቅ ይችላል!»

ባንዲራውን አውለብልቦ ከመስመር አስወጣቸው።

«ምን ሆንክ?» ብለው ሴትየዋ ጮኹብኝ።

የቡሎን መፍቻዬን ይዤ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሁሉም ጥብቅ ነበሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተጠራጥሬ ነው» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

ሌሎቹ መኪኖች እያገሱ አለፉን። ሴትየዋ ሄልሜታቸውን አወለቁ።

«ተጠራጥረህ ዝም ብትል ኖሮ፣ ዳግመኛ መኪናዬን አላስነካህም ነበር» አሉኝ።