ዘይት የምትጠጣው ውጅግራ

የመጋዘኑ ዘበኛ ውጅግራ አያቱ የዘመቱባት፣ አባቱ ጎረቤት ያስፈራሩባት፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ የድሮ ጠመንጃ ናት። ጥይቷ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ቢያልፍም እሱ በየማለዳው የወጥ ዘይት ይቀባታል።

"የእኛ ድስት ደርቆ እሷ ዘይት ትጠጣለች" ትለዋለች ሚስቱ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ስሟ ብቻ ሌባ ይመልሳል።"

ሌቦቹ በጠራራ ፀሐይ መጡ። ዘበኛው ደገነባቸው። አንደኛው አፈሙዙን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ "አባባ፣ ያስቀምጧት፤ ጥይቷን ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም" አለው። መጋዘኑን ሙልጭ አድርገው፣ የለበሰውን ካፖርት ሳይቀር ገፈውት ሄዱ።

በሸሚዝ ብቻ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ነገሩ ገባት።

"ካፖርቱንም ወሰዱት?"

"ወሰዱት።"

ውጅግራዋን ከትከሻው አውርዶ እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ሚስቱ ቀና ብላ አየቻት።

"እሷን ቢወስዱልኝ ምን ነበረበት" አለች።