እንዶድ ያቃጠለኝ ጊዜ

መጀመሪያ የመጣው ማቃጠል ነው። ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከዚያ ንፍጥ የተቀላቀለበት ደም መጣ። ሽንት ቤት በሰዓት ሦስት አራት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ አፌን የዘጋሁትም ስለማውቀው ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፣ እንጅባራ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። እኔና ባሌ በፊንጢጣ የሚደረገውን ግንኙነት ተስማምተን ነው የጀመርነው። እሱ ግን በየጊዜው "ታጥበሻል ወይ?" እያለ ያበግነኛል። እናቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነጠላ የምታነጣው በእንዶድ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከእንዶድ የበለጠ የሚያጸዳ ያለ አይመስለንም። ፍሬውን ወቀጥኩ፣ በጠበጥኩ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ባሌ ደሙን ሲያይ ምን ሆንሽ አላለኝም። "ለሰው እንዳትናገሪ" አለኝ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ተቅማጥ ነው አልኳቸው። ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ሰጡኝ። ዋጥኩት። አልተሻለኝም። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። በባጃጅ፣ በጎኔ ተጋድሜ፣ ሆስፒታል ደረስኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ባሌን አስወጥታ በሩን ዘጋች። "እህቴ፣ ምን አስገብተሽበታል? ካልነገርሽኝ የማይሆን መድኃኒት ነው የምሰጥሽ" አለችኝ። ከመናገር መሞት የቀለለ መሰለኝ። በመጨረሻ "እንዶድ" አልኳት፤ ለምን እንዳደረግኩትም ነገርኳት።

አልሳቀችም፣ አልሰበከችም። ፕሮክታይተስ ነው አለች፤ የፊንጢጣዬ የውስጥ ሽፋን ተቃጥሎ ቆስሏል። ብቆይ ኖሮ አንጀቴ ሊበሳ ይችል ነበር።

አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ተሰጠኝ፣ ከዚያም ለሳምንታት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እየተቀመጥኩ፣ አጥሚትና የተልባ ውኃ እየጠጣሁ፣ ቀስ በቀስ ሱቄ ውስጥ ሳልቃትት መቀመጥ ቻልኩ።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ሐኪሟ እንዲህ ብላ መክራኝ ነበር፦ "አንጀት ራሱን ያጸዳል። ጎመንና ምስር ብዪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ከግንኙነቱ ቀድመሽ ሽንት ቤት ሂጂ። ብዙውን ጊዜ ከውጭ መታጠብ ይበቃል። ውስጡን ማጠብ ከፈለግሽ ከመድኃኒት ቤት ጫፉ ለስላሳ የሆነ የጎማ ማጠቢያ ግዢ፤ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ትንሽ፣ ሳትገፊ። ሳሙናም በረኪናም ሎሚም አይንካው። ቶሎ ቶሎ አታድርጊው፣ ሽፋኑ ይሳሳል። ለግንኙነቱ ኮንዶምና ከውኃ የተሠራ ማለስለሻ ተጠቀሙ፤ ቅባት ኮንዶሙን ይቀድደዋል። ካመመሽ አቁሙ፣ ደም ካየሽ ነይ።"

ይህን የምታነቡ፣ እንደኔ አፋችሁ ከተያዘ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ። የሚሰድባችሁ ቢገጥማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ እንጂ ወደ ቤት አትመለሱ። ያቺን ሐኪም እግዜር ይስጣት፣ ዕድሜዋን ያርዝምልኝ። ባሌን ግን አላመሰግንም። "ተይው፣ አለፈ አይደል" ይለኛል። ለእሱ አልፎ ይሆናል፤ እኔ ግን አልጋውን ለይቼበታለሁ።