የእንቁራሪቷ አንጎል

የወሰዱኝ ቱላ ካለው የምስማርና የቆርቆሮ ሱቄ ነው። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ለ‹ተሃድሶ ሥልጠና› ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የነቀዘ በቆሎ ተበትኗል፤ አየሩ ያፍናል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ጣሪያው ላይ ሲራመዱ ቆርቆሮው ይንኳኳል።

አጠገቤ የሚተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። የሚስቱ መውለጃ ቀን ደርሷል። ጭንቀቱን ለመርሳት ስለ ሥራው ያወራል፤ ሥራው የእንቁራሪት ፅንስ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በራሴ ያነበብኩ ሰው ስለሆንኩ በጥያቄ አላሳርፈውም። አንድ ቀን ከቤት ከመጣልኝ ቆጮ ቆርሶ አድቦለቦለውና እንደ ፅንሱ አድርጎ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህ የላይኞቹ ሕዋሳት መጀመሪያ ሁሉም አንድ ናቸው። ‹ቆዳ ሁኑ› የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ የደረሰው ቆዳ ይሆናል። በዚህ በኩል ግን አንዳንድ ዘረ መሎች ይነቁና ትእዛዙን የሚያግድ ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርጋሉ። በዚያ የተከለሉት አንጎልና ነርቭ ይሆናሉ።»

«መምህር፣ አንጎሉን እንዳትበላው!» አለ አንዱ ከጥግ። ተሳቀ።

ከሳቁት መካከል ጆሮ ጠቢ ነበረበት። በማግስቱ የተሃድሶ አሠልጣኙ መምህሩን ጠራው። አሠልጣኙ ከሰው አፍ የለቀመውን የራሱ አስመስሎ የሚናገር፣ መፈክር ካላቀበሉት አፉን መክፈት የማይችል ፍጡር ነበር።

«ዶክተር፣ ነገ ለሁሉም አስተምር። ፍጥረት እንኳ ከላይ ትእዛዝ ካልመጣለት ምንም እንደማይሆን ንገራቸው። ከዚያ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ።»

መምህሩ ተመልሶ ነገረኝ።

«ግማሹ እኮ እውነት ነው ጋሼ።»

«በግማሽ እውነት ልጅህን ልትስም ነው?»

«የእርስዎ ልጆች አድገዋል።»

«አድገዋል። የዋሸሁ ቀን ግን ያውቁብኛል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁትም።

በነጋታው ሁላችን ፊት ቆመ። «ትእዛዙ የደረሳቸው ሁሉ ቆዳ ሆኑ» አለ። አሠልጣኙ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። «አንጎል የሆኑት፣ ትእዛዙ እንዳይደርሳቸው የተከለሉት ናቸው።» አሠልጣኙ አሁንም ይነቀንቃል። እኛ ሁላችን ገብቶናል፤ እሱ ገና ነው። አንዱ ሳቁን በሳል ሲሸፍን ነው የነቃው።

«ፀሐይ ላይ አውጡት!»

ጠባቂዎቹ አውጥተው አቆሙት። ተነስቼ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«እርስዎን ደግሞ ማን አዘዘዎት?»

«ማንም» አልኩት።

የመምህሩ ልጅ የተወለደችው እሱ እዚያው መጋዘን እያለ ነው።

ያ አሠልጣኝ ዛሬ መሃል ከተማ ቢሮ አለው። ሲያገኘኝ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» ይላል። ሰላምታ የእግዚአብሔር ስለሆነ እመልሳለሁ፤ እጄን ግን አልሰጠውም። እጄ ምስማር ይቆጠርበታል፤ ቢቆሽሽ ይከፋኛል።

ባለፈው እሑድ መምህሩ ልጁን ይዟት ታቦር ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። «ስትወለጂ ለምን እንዳልነበርኩ እሳቸው ይንገሩሽ» አላት። ሁሉንም ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ፣

«እማዬ ያን ቀን ብቻዋን ነበረች ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ምክር ልጨምርበት አፌን ከፍቼ፣ ተውኩት።